የገደል ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም ያለች ጊዜ

ተረት ልንገራችሁ። የላም በረት አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት በረቱ ባዶ ነው፤ ቤቱም ባዶ ነው፤ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰውየው ይርዳው ይባላል። ገና ወጣት ነው፤ ጺሙ በወጉ አልሞላም። አስካል የምትባል ልጅ ነበረችው። ሐምሌ ላይ ትኩሳት ያዛትና ሞተች። ሚስቱ ሰው ከቤቱ እስኪወጣ ጠብቃ፣ «ቤቱ ጠበበኝ» ብላ ወደ እናቷ አገር ሄደች። ይርዳው ቤቱ ሰፋበት። ሰፍቶበት ቀረ።

ጎረቤት መጥቶ ነበር። አለቀሰ፣ ንፍሮ ቆረጠመ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያገኘው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። እሱም «አሜን» ይላል። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ስሟን የሚጠራ የለም። የሞተ ልጅ ስም በአባት ፊት መጥራት ሰው ይፈራል።

ከመንደሩ በላይ ቆቅ ገደል የሚባል ትልቅ ገደል አለ። አስካል በሕይወት ሳለች ከዚህ ገደል ጋር ትጣላ ነበር። «ማነሽ?» ትላታለች ማሚቶዋን። «…ነሽ?» ይላታል። «እኔ አስካል ነኝ! አንቺስ?» ትላለች። «…ቺስ?» ይላታል። ተናዳ ድንጋይ ትወረውራለች፤ ድንጋዩ ሳይደርስ ይወድቃል፤ አባቷ ይስቃል። እሷ ከሞተች በኋላ ይርዳው ጠዋት ጠዋት ብቻውን ይወጣል። ፊት ለፊት ይቆምና «አስካል!» ብሎ ይጣራል። ገደሉም «…ካል!» ይላል። ከሰው አፍ ያጣውን ስም ከድንጋይ አፍ ያገኛል። ከዚያ ወደ ሥራው ይወርዳል። ፍላጎቱ ይህችው ናት። ሌላ አልጠየቀም።

ጥቅምት ላይ ግን ገደሉ ሥር የድንጋይ ካባ ተከፈተ። ድንጋይ የሚፈነቅል፣ የሚፈልጥ፣ የሚጭን መጣ። አቧራው በጤፉ ላይ ተኛ። ምንጩ ደፈረሰ። ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ተሰደደች። አንድ ቀን ጠዋት ይርዳው ወጣና «አስካል!» ብሎ ተጣራ። ዝም። ደግሞ ተጣራ። ዝም።

«አንቺ የገደል ማሚቶ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?» አለ።

ከድንጋዩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ እግር የለኝም፤ የምቆመው ገደሉ ላይ ነው። ገደሉ ካላቆመኝ በምን ቆሜ ልመልስልህ? ሂድ፣ ለገደሉ ንገረው።»

ሄደ። «አንተ ገደል፣ ማሚቶን አቁማት» አለው።

ገደሉ በአቧራ አሳለ። «ልጄ፣ እኔ ራሴ መቼ ቆምኩ? ጎኔን እየው። ብረቱ ጠዋት ይነክሰኛል፣ ማታ ይነክሰኛል። በዚህ ሳምንት ፊቴን ሊጥለው ነው። ሣር ቢታጨድ ዝናብ ያበቅለዋል፤ የገደል ፊት ከወደቀ የሚያበቅል ዝናብ የለም። ብረቱ ይተወኝና ማሚቶህን አቆማታለሁ። ሂድ፣ ለብረቱ ንገረው።»

እንግዲህ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች።

ብረቱ እስካቫተር የሚሉት ነው። አንድ ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍ ጥርስ አለው። «አንተ ብረት፣ ገደሉን ተወው» አለው ይርዳው።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ?» አለ ብረቱ። «ጥርስ እንጂ ሆድ የለኝም። የነከስኩትን አልውጠውም፣ ጣዕሙንም አላውቀው። ኤፍሬም ቀስቅሶኝ ነው የምነክሰው። እሱ ያስተኛኝና እተኛለሁ። ሂድ፣ ለሱ ንገረው።»

ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች።

ኤፍሬም የከተማ ልጅ ነው። ከብረቱ መንጃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ያወራርዳል።

«ወንድም ኤፍሬም፣ እባክህ ይሄን ብረት አስተኛው።»

«ምነው? ሰው ገባ እንዴ ሥሩ?»

«ልጄን ልጠራት ነው።»

«ጥራታ! ማን ከለከለህ? ትምጣ፣ ዳቦ እሰጣታለሁ።»

«ሞታለች።»

ኤፍሬም ዳቦውን አስቀመጠ። «እግዜር ያጽናህ» አለ።

«አሜን።»

እንደ ሌላው ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር፤ ይርዳው ግን አልሄደም።

«እውነቴን ነው የምልህ» አለ ኤፍሬም፤ «እኔ ባስተኛው ደስ ይለኛል። ወገቤ አልቋል። ማታ ስተኛ ራሱ አልጋው ይንቀጠቀጥብኛል። ግን ያንን እየው። ገልባጭ መኪናው አፉን ከፍቶ ቆሟል። ባዶውን ከቆመ አለቃዬ ከተማ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ይጮህብኛል። ገልባጩ ያሳርፈኝ እንጂ እኔማ ምን ከፋኝ?»

ኤፍሬም ብረት አላስተኛም አለ፤ ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች።

ገልባጩ ጉረኛ ነው። ይርዳው ገና አፉን ሳይከፍት ጥቁር ጭሱን ተፋበት። «እኔን ነው ቁም የምትለኝ? ክፍት መንገድ እያየ የሚቆም መኪና የት አገር አይተሃል? ባላገር! መንገዱ ይመልሰኝ፤ ያን ጊዜ እመለሳለሁ።» ጡሩንባውን ነፋበትና ሄደ። ይርዳው አቧራው እስኪበርድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ገልባጭ ኤፍሬምን አላሳርፍም አለ፤ ኤፍሬም ብረት አላስተኛም አለ፤ ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች።

መንገዱ ጎንበስ ብለው ካልሰሙት አይሰማም። የጎማ ቁስል አለበት። «አምና ሣር ነበርኩ» አለ። «ጥጃ ይተኛብኝ ነበር። በላይ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፣ አይነካም። በታች ገደላገደል ነው፣ አይረገጥም። መሐል ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉ በእኔ ላይ ይሄዳል። እሾህ ቢጣልብኝ ኖሮ ገልባጩን እመልሰው ነበር። እሾሁ ግን ያውና፣ ዳር ተጥሎ ተኝቷል።»

እሾሁ የአጋም እሾህ ነው፤ ደርቋል፣ ጫፉ ግን እንደሾለ ነው። «እኔ እግር አለኝ?» አለ። «ያነሳኝ እጅ ነው የሚመልሰኝ። መንገዱ የወጣበት ማሳ የእትዬ በለጡ ነው። መኪናው እንዲያልፍ እኔን ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ይጣሉኝና መንገዱን እዘጋለሁ። ከብረት ጋር ባልታገልም ጎማ አውቅበታለሁ።»

እንግዲህ ትንፋሽ ውሰዱ። እሾህ መንገድ አልዘጋም አለ፤ መንገድ ገልባጭ አልመልስም አለ፤ ገልባጭ ኤፍሬምን አላሳርፍም አለ፤ ኤፍሬም ብረት አላስተኛም አለ፤ ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች።

እትዬ በለጡ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ይርዳው ወንዙን ተሻግሮ ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቁር ለብሰዋል። ራሳቸውን ተላጭተዋል። ይርዳው አየ፣ ግን አላየም። አፉ በነገር ሞልቶ ነበር። ሳይቀመጥ፣ እንደቆመ፣ ሁሉንም ዘረገፈው።

«እትዬ በለጡ፣ እሾሁን ይጣሉት። እሾህ መንገድ አልዘጋም አለ፤ መንገድ ገልባጭ አልመልስም አለ፤ ገልባጭ ኤፍሬምን አላሳርፍም አለ፤ ኤፍሬም ብረት አላስተኛም አለ፤ ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም…»

«ጨረስክ?» አሉ።

«አንዲት ቀርታለች፣ እትዬ።»

«ትቅር። እሳቸው ማለፋቸውን ሰምተሃል?»

እሳቸው ያሉት ባለቤታቸውን፣ አያ ካሴን ነው። እሳቸውም በዚያው በሐምሌ ነው ያረፉት። ይርዳው ሰምቶ ነበር። የራሱ ሐዘን ላይ ተኝቶ ሰምቶ፣ እዚያው ረስቶት ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ለቅሶ ሳትደርስ ጉዳይ ይዘህ መጣህ?» እትዬ በለጡ ተነሡ። «ወንዙ ሞልቶ ማንም አልተሻገረም፤ ደግ። ከዚያስ ጎደለ፤ ማን ተሻገረ? እነዚያ የመኪና ልጆች አያውቁኝም። ግን ባለፉ ቁጥር ጡሩንባ ይነፉልኛል። ጠዋት ጲጵ፣ ማታ ጲጵ። ገደሉ ምን ብሎኝ ያውቃል? አንተስ ምን ብለኸኝ ታውቃለህ? መኪናው ከቀረ ማን ደህና አደርሽ ሊለኝ ነው? እሾህ አልጥልም!»

በሩን ዘጉት።

ይርዳው ወደ ወንዙ ወረደና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያገሩ ሰው ለቅሶ ብድር ነው ይላል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛ ቤት ቆሞ ጉዳይ አያነሣም፤ እሳት እንኳ አይጭርም። ይርዳው ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ከሰው ተለይቶ ከድንጋይ ጋር ሲነጋገር ከርሞ የሰው ወግ ጠፋበት።

ወደ ቤቱ ገባና እሳት አነደደ። ስንዴና ባቄላ ጣደ። ለቅሶ በባዶ እጅ አይደረስም። በደረቅ ዓይንም አይደረስም፤ ይሄ ነው የከበደው። ይርዳው አስካል ከሞተች ጀምሮ አላለቀሰም። ወንዶቹ በቀብሩ ቀን ግራና ቀኝ ይዘውት ነበር፤ እንደ ግንድ ቆሞ ዋለ።

«አንተ እንባ፣ ውረድ» አለ።

«ለማን?» አለ እንባው ከዓይኑ ሥር ሆኖ። «ለዚህ ቤት? ግድግዳ እንባ ያብሳል? ፊት ለፊትህ ሰው ይቀመጥና እወርዳለሁ።»

እዚህ ላይ ተረቱ ተቋጠረ። እንባ ለባዶ ቤት አልወርድም አለ፤ በር ለደረቅ ዓይን አልከፈትም አለ፤ እትዬ በለጡ እሾህ አልጥልም አሉ፤ እሾህ መንገድ አልዘጋም አለ፤ መንገድ ገልባጭ አልመልስም አለ፤ ገልባጭ ኤፍሬምን አላሳርፍም አለ፤ ኤፍሬም ብረት አላስተኛም አለ፤ ብረት ገደል አልተውም አለ፤ ገደል ማሚቶ አላቆምም አለ፤ ማሚቶ ለይርዳው አልመልስም አለች። ያለ እንባ በር የለም፤ ያለ በር እንባ የለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረቅ ዓይኑን ይዞ ተሻገረ። በሩ እንደተዘጋ ነው። ንፍሮውን መሬት አስቀመጠ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ። ከበሩ ፊት ተቀመጠና፣ ድምፁ እየሻከረ፣ «ወንድሜን! አያ ካሴን! ወንድሜን!» አለ። እንባ የለውም። ድምፅ ብቻ ነው።

ከውስጥ ቆየት ብሎ፣ «ማነው?»

«ይርዳው ነኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው፣ እትዬ።»

«ጉዳይህስ?»

«ጉዳይ የለኝም።»

«እሾሁስ?»

«ዛሬ ለአያ ካሴ ነው የመጣሁት።»

ድምፃቸው ከበሩ ጀርባ፣ ከቅርብ መጣ፤ እሳቸውም መሬት ተቀምጠዋል።

«እኔም ያንተን አልደረስኩም» አሉ። «እሳቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ዝናብ ነበር። ጩኸት ሰማሁና ወንዙ ዳር ወረድኩ። ወንዙ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ጩኸቱ ከማን ቤት ነው ብዬ ባዳምጥ፣ ያንተ ቤት ነው። ያቺ ከገደሉ ጋር የምትጣላ፣ ድንጋይ የምትወረውር… አስካል። እዚህ ማዶ ቆሜ አስካልዬ፣ አስካልዬ እያልኩ አለቀስኩላት። ደረቴን መታሁ። ማን አየኝ? ውሃው ድምፄን ይዞት ሄደ። ስመለስ እሳቸው ‹ማን ሞተ?› አሉኝ። ‹ማንም› አልኳቸው። እሳቸውም እሷን ተከትለው ሄዱ።»

ይርዳው ስሟን ከሰው አፍ ሰማ።

እንባው ወረደ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ እንደ ሐምሌ ወንዝ። ጉንጩን አለፈ፣ ጺሙን አለፈ፣ መሬቱን አረጠበ። በሩ ተከፈተ። እትዬ በለጡ ወጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እሱ «አያ ካሴን!» እያለ አስካልን አለቀሰ። እሳቸው «አስካልዬን!» እያሉ ባላቸውን አለቀሱ። የሰው ሐዘን እንዲህ ነው፤ አንዱ ካንዱ ቤት ገብቶ የራሱን ያወጣል።

ሲበቃቸው እትዬ በለጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ከንፍሮው ቆነጠሩ። ቆረጠሙ። ቆም አሉ። ይርዳውን አዩት።

«ኧረ አንተ ልጅ! ይሄ ንፍሮ ነው ወይስ ከካባው ነው ያመጣኸው?»

«ባቄላው አልበስል ብሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«ጥርሴንም ልታስቀብረኝ ነው!»

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ሳቁ።

ቀስ ብሎ ሳቁ በረደ። እትዬ በለጡ ወደ ማሳቸው እያዩ፣ «መኪናው ከቀረ አንተ ትመጣለህ?» አሉ።

«እመጣለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት?»

«ጠዋት ጠዋት፣ እትዬ።»

«ጲጵ ትላለህ?»

ይርዳው ግራ ቀኝ አየ። ሰው የለም። «ጲጵ» አለ።

«ደካማ ናት፤ ይሁን» አሉ እትዬ በለጡ።

በነጋታው ገልባጩ እየጎረረ ሲመጣ እትዬ በለጡ መሐል መንገድ ቆመው ነበር። አጋሙን በሁለት እጃቸው ጎትተው ጥለውታል። ጡሩንባ ነፋ። «በሕግ አምላክ!» አሉት። «ማሳዬ ነው። በሕግ አምላክ!» በዚያ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ ንጉሥም ቢሆን ቆሞ ይሰማል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አለቃውም መጣ፤ ጮኸ። በላይ አየ፣ ደን ነው። በታች አየ፣ ገደላገደል ነው። መሐል አየ፣ እሾህና አንዲት ሴት ናቸው። ጩኸቱን ውጦ ተመለሰ።

እንባ ለሰው ወረደ፤ በር ለእንባ ተከፈተ፤ እትዬ በለጡ እሾህ ጣሉ፤ እሾህ መንገድ ዘጋ፤ መንገድ ገልባጭ መለሰ፤ ገልባጭ ኤፍሬምን አሳረፈ፤ ኤፍሬም ብረት አስተኛ፤ ብረት ገደል ተወ፤ ገደል ማሚቶን አቆመ።

ካባው ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የወሰደውን አልመለሰም፤ የገደሉ ጎን እስከ ዛሬ እንደተቦረቦረ ነው። ፊቱ ግን አልወደቀም። ኤፍሬም ሲያልፍ ወገቡን ይዞ፣ «ይርዳው፣ ይሄ ወገብ አመስግኖሃል!» ብሎ ጮኸ። አቧራው ከጤፉ ላይ ታጠበ። ዝም አለ፤ አገሩ ሁሉ ዝም አለ።

ይርዳው ጠዋት ወጣ። እትዬ በለጡም በምርኩዝ እየተደገፉ ተከተሉት። ፊት ለፊት ቆመና፣ «አስካል!» አለ።

«…ካል!» አለች ማሚቶ።

መለሰች። ይርዳው ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎም ይጥሩ» አለ።

«ማንን?»

«አያ ካሴን።»

«ውይ! እኔ እሳቸውን በስማቸው ጠርቼ አላውቅም። ከተዳርኩ ጀምሮ አንቱ ነው ያልኳቸው።»

«እንደለመዱት ይጥሯቸዋ።»

እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንደ ሙሽራ አፈሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አንቱ!» አሉ።

«…ንቱ!» አለ ገደሉ።

ጆሯቸውን ሰጥተው እስኪጠፋ አዳመጡ።

«የእሳቸው ድምፅ አይደለም» አሉ።

«አይደለም» አለ ይርዳው። «የሷም አይደለም።»

«ግን መለሰ።»

«አዎ፣ መለሰ።»

ጎን ለጎን ሆነው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ብቻ ጮክ ብላችሁ መልሱልኝ።